በጎንደር ቁምስናችን ያሉትን ታዳጊ ወጣቶች እንዴት እንምራ?

ጥያቄ፦ የወጣቶች አስተባባሪ፣ ጎንደር

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ውድ እኅቶችና ወንድሞች። ከመስከረም ወር ጀምሮ የካቶሊክ ቁምስናችን (አጥቢያችን) መሪ ካህን ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑትን ልጆች እንዳስተባብር ኃላፊነት ሰጥተውኛል። በሥራ ቀናት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በልጅነቴ ከተማርኩት ትምህርተ ክርስቶስ በቀር ለዚህ አገልግሎት የሚሆን የተለየ ሥልጠና የለኝም። ስለዚህ በዚህ አገልግሎት የቆያችሁ ሁሉ ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በጎንደር ያለን ካቶሊካውያን በጣም ጥቂቶች ነን። እ.ኤ.አ. በ2007 በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የካቶሊካውያን ድርሻ በአገር አቀፍ ደረጃ 0.7 በመቶ ነበር፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከዚያም በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ ልጆቻችን በሚማሩበት ክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ብቸኛ ካቶሊክ ናቸው። ትንንሾች ሳሉ በቅዳሴ ያገለግላሉ፣ ጥያቄ ሲቀርብም እጃቸውን ለማውጣት ይሽቀዳደማሉ፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ዝም ይላሉ። ወንዶቹ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ ቤት ውስጥ ሥራ ስለሚጠብቃቸው ቡራኬው እንዳበቃ ተቻኩለው ይሄዳሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ለማስተምረው ትምህርት የሚመጡትም ቢሆኑ ብዙዎቹ እናቶቻቸው ስለላኳቸው ብቻ እንደመጡ ከፊታቸው ይነበባል።

ከውጭ አገር ሀገረ ስብከቶች ያገኘኋቸው የወጣቶች መምሪያዎች በአብዛኛው ለምስጢረ ሜሮን በሚደረግ የአንድና የሁለት ዓመት ዝግጅት ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ለእኛ ሥርዓት እንዴት እንደማስማማቸው አላወቅሁም። ከዚህ የባሰው ግን ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ነው። ጓደኞቻቸው «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚለውን አባባል እየጠቀሱ ያሾፉባቸዋል፤ አንዱ ልጅ «የእኛ ቤተ ክርስቲያን የሱስንዮስ ናት እንዴ?» ብሎ በሁሉም ፊት ጠይቆኛል። እንዲህ ላለው ጥያቄ ከትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ላይ የሚነበብ መልስ የለም።

ሌላው የሚያሳስበኝ በመምራትና በመቆጣጠር መካከል ያለው ወሰን ነው። ኃላፊነት ስጧቸው የሚል ምክር ከብዙ ሰው እሰማለሁ፤ ሆኖም ለልደት በዓል ዝግጅት ተሰጥቷቸው የነበረው ሥራ ሳያልቅ ቀኑ ስለደረሰ ትልልቆቹ ተረክበው ጨርሰውታል፣ ልጆቹም ከዚያ በኋላ ሥራ ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆኑም። እናንተ ይህን እንዴት ትይዙታላችሁ?

ምላሽ፦ አንዲት ሲስተር፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ የጻፉትን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ለረጅም ዓመታት በትምህርት ቤትና በቁምስና ከታዳጊዎች ጋር ስለኖርኩ የማምንበትን ያለ ማለባበስ እነግርዎታለሁ።

ታዳጊ ዝም ስላለ እምነቱን ጥሏል ብለው አይደምድሙ። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚናገረው ቃል በጓደኞቹ ፊት እንደሚመዘን ያውቃል፤ ስለዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው ፊት ለፊት ሲጠይቁት ምንም አይነግርዎትም። ለበዓል ቄጠማ ስትጎዘጉዙ፣ የቅዳሴ ዕቃ ስትወለውሉ ወይም ከቡና በኋላ ሲኒ ስታጥቡ ግን እጁ ሥራ ይዞ፣ ዓይኑም ከእርስዎ ዓይን ርቆ ሳለ ትልቁን ጉዳይ ያነሣዋል። እኔ ከልጆች የሰማኋቸው ከባድ ነገሮች ሁሉ የተነገሩኝ በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው፤ ለስብሰባ በተመደበው ጊዜ ያገኘሁት ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ጣሊያናዊው ካህን ዶን ቦስኮ በ19ኛው መቶ ዘመን በቶሪኖ ከተማ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የፈለሱ ልጆችን ሲሰበስቡ የተከተሉት ዘዴ በምክንያት፣ በሃይማኖትና በደግነት ላይ የቆመ ነበር። ከዚያ ዘዴ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን መሪው በጨዋታው ሜዳ ላይ መገኘቱ ነው። ዶን ቦስኮ አስተማሪዎቻቸው በእረፍት ሰዓት ወደ ክፍላቸው እንዳይገቡ፣ ከልጆቹ መካከል እንዲሆኑ አጥብቀው ይጠይቁ ነበር፤ ልጅ ጥፋት ከሠራ በኋላ ከመቅጣት ይልቅ የሚወደው ሰው አጠገቡ በመኖሩ ጥፋቱን እንዳይሠራ ማድረግ ይሻላል ብለው ያምኑ ነበርና። እርስዎም እሑድ ከልጆቹ ቀድመው ግቢው ውስጥ ይገኙ፣ ከትምህርቱ በፊት ኳስ ይጫወቱ፣ መጫወት ባይችሉም ዳኛ ይሁኑ። ይህ ጊዜ ማባከን ይመስላል፤ ሆኖም ትምህርቱ የሚደመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ወጣቶች ከተደረገው ሲኖዶስ በኋላ መጋቢት 25 ቀን 2019 የፈረሙት «ክርስቶስ ሕያው ነው» የተሰኘው ሐዋርያዊ ምክር የወጣቶችን አገልግሎት በሁለት መንገዶች ይከፍለዋል፤ አንደኛው ገና ያልመጡትን ፈልጎ መጋበዝ፣ ሁለተኛው የመጡትን ማሳደግ ነው። በቁጥር 212 ላይ ደግሞ ልጆች ከክርስቶስ ጋር የመገናኘት ጥልቅ ልምድ ካገኙ በኋላ ማሳደግ ማለት የትምህርትና የሥነ ምግባር ጥያቄዎችን ብቻ ማከማቸት እንደሚመስለን፣ ከዚህም የተነሣ ብዙዎች ተሰላችተው እንደሚሄዱ ይናገራል። የእርስዎን የእሑድ መርሐ ግብር በዚህ ሚዛን ይመዝኑት።

ስለ ሜሮን የጠየቁት ተገቢ ነው። በምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ ቁጥር 695 መሠረት ምስጢረ ሜሮን ከጥምቀት ጋር አብሮ ይሰጣል፤ እኛ የግዕዝ ሥርዓት ተከታዮችም በዚህ ሕግ ሥር ነን። ስለዚህ በላቲን ሥርዓት ታዳጊዎችን ለአንድና ለሁለት ዓመት አሰባስቦ የሚያቆየው ዝግጅት ለእኛ ልጆች የለም። እጥረት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እኔ ግን እንደ ነፃነት አየዋለሁ፣ ምክንያቱም በሌሎች አገሮች ብዙ ልጆች ሜሮን ከተቀበሉ በኋላ የምረቃ ወረቀት እንዳገኙ ቆጥረው ከቤተ ክርስቲያን ይርቃሉ። እኛ በምትኩ የራሳችን የዘመን አቆጣጠርና አጽዋማት አሉን። በተለይ ፍልሰታ የምትውለው በክረምት ዕረፍት ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሄዱትም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ከማስተማር ይልቅ በፍልሰታ ሱባኤ ጠዋት ጠዋት በተከታታይ መሰብሰብ የበለጠ ፍሬ ሲያፈራ አይቻለሁ።

በመደበኛው እሑድ ደግሞ ቤልጂጋዊው ካህን ጆሴፍ ካርዳይን እ.ኤ.አ. በ1925 ለመሠረቱት የወጣት ሠራተኞች ማኅበር የተጠቀሙበትን «ማየት፣ መመዘን፣ መተግበር» የሚለውን ዘዴ ይሞክሩ፤ ዮሐንስ 23ኛም እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት መልእክታቸው ይህንኑ ደግፈውታል። ለምሳሌ ከክፍላቸው አንድ ተማሪ ቤተሰቡ ተፈናቅሎ ለወራት ከትምህርት ቀርቶ ነበር እንበል። መጀመሪያ ያዩትን ይናገሩ፤ ማን ነው፣ ምን አጣ፣ ሌሎቹ ምን ይሉታል? ከዚያ የዕለቱን ወንጌል አንብበው ነገሩን በእርሱ ይመዝኑት። በመጨረሻ የ15 ዓመት ልጅ እስከሚቀጥለው እሑድ ሊፈጽመው የሚችል አንድ ተግባር ይምረጡ፤ ያመለጠውን ማስታወሻ ከደብተራቸው ገልብጠው መስጠት ይበቃል። «ድህነትን እንቀንስ» የሚል ውሳኔ ካሳለፉ ግን መልሰው ያሳጥሩት።

የልደቱ ዝግጅት ላይ የደረሰው በየቦታው ያጋጥማል። ሥራ ሲሰጧቸው ገንዘቡንም ይስጧቸው፤ ትንሽ ይሁን፣ ሒሳቡንም ራሳቸው ለቁምስናው ምክር ቤት ያቅርቡ። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አብረዋቸው ተቀምጠው ምን እንደጎደለ ይጠይቋቸው። ጎድሎ ቢገኝ እንኳ ትልልቆቹ አይረከቡት፤ መዝሙሩ ሁለት ብቻ ይሁን፣ ድራማው ይቅር። የጎደለ የልጆች ዝግጅት ከተሟላ የአዋቂዎች ዝግጅት ይሻላል፤ ይህንንም ለምክር ቤቱ አስቀድመው ማስረዳት የእርስዎ ድርሻ ነው።

ምላሽ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ማራኪ

ጋሼ፣ ከሌላ ከተማ ወደ ጎንደር ከመጣን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ ምናልባት ቁምስናችን አንድ ይሆናል። የልጆቹን ወገን ሐሳብ ልናገር ብዬ ነው የጻፍኩት።

ታላላቆቻችን «የነገዪቱ ቤተ ክርስቲያን እናንተ ናችሁ» ሲሉን ደስ እንደሚለን ያስባሉ። ሲስተር የጠቀሱት የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጽሑፍ ግን ወጣቶች የእግዚአብሔር «አሁን» እንደሆኑ ይናገራል፤ ይህን ያነበብኩት ራሴ ነኝ፣ ማንም አላስተማረኝም። ለነገ ብቻ የምንፈለግ ከሆነ ዛሬ ወንበር ከመሸከምና ቡና ከማቅረብ በቀር ሥራ የለንም ማለት ነው። ስብሰባ ሲጠራም ሰዓቱን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፤ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እሑድ ከሰዓት በኋላ ማጠናከሪያ ትምህርት እንዳለን እየታወቀ የቀረው ሰው ሰነፍ ይባላል።

ጥያቄ ስንጠይቅም «ስታድጉ ትደርሱበታላችሁ» የሚል መልስ እናገኛለን። እኔ ስለ ጋብቻ የጠየቅሁት ለማግባት አስቤ አይደለም። አባቴ ኦርቶዶክስ፣ እናቴ ካቶሊክ ስለሆኑ በቤታችን የማየውን ለመረዳት ፈልጌ ነው። ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት እስኪሞላኝ ልጠብቅ?

እኔን ያቆየኝ ነገር ትንሽ ነው። ባለፈው ዓመት ትንንሾቹን ልጆች ከበሮና መዝሙር እንዳስተምር ተጠየቅሁ፤ እነርሱን ለማስተማር ስል ዜማውን በደንብ ማጥናት ነበረብኝ። ብቀር ስምንት ልጆች በር ላይ ቆመው እንደሚጠብቁኝ ስለማውቅ አልቀርም። ለወንዶቹም እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝላቸው ከበሩ አጠገብ የሚነሡ ይመስለኛል።

ምላሽ፦ ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ ጎንደር

ልጄ፣ ለታሪኩ ጥያቄ የምትሰጠው መልስ አገልግሎትህን ሊያቆመው ወይም ሊያፈርሰው ስለሚችል ጉዳዩን ሰፋ አድርጌ እጽፍልሃለሁ። በጎንደር የሚያድግ ካቶሊክ ልጅ ይህን ጥያቄ ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ጋር በየቀኑ ያየዋል። ከሸሸህበት ልጁ ሁለት ነገር ይማራል፤ ታሪኩ አሳፋሪ እንደሆነና አንተም እንደምትፈራው።

ስለዚህ እውነቱን ንገረው። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ከዚያ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ የተባሉት ኢየሱሳዊ ካህን ግዕዝና አማርኛ ተምረው፣ በትዕግሥትና በወዳጅነት ይሠሩ ነበር፤ እርሳቸው በዚያው ዓመት ሲሞቱና እ.ኤ.አ. በ1625 ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሲመጡ ነገሩ ተለወጠ። ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ የበዓላትና የጾም ሥርዓቱም እንዲለወጥ ተደረገ። ሕዝቡ ተነሣ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ ንጉሡም እ.ኤ.አ. በ1632 የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን አባርረው እ.ኤ.አ. በ1636 ይህችን ከተማ መሠረቱ። ልጁን ስትነግረው ሜንዴዝን ለመከላከል አትድከም፤ በግዴታ የመጣ እምነት ያስከተለውን ጥፋት ካቶሊክ ሆኖ በግልጽ መናገር ይቻላል፣ የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሃይማኖት ነፃነት ካስተማረ በኋላ ደግሞ ግዴታም ነው።

ቀጥለህ ልጁ የጠየቀውን በቀጥታ መልስለት። እርሱ ዛሬ የሚያስቀድስበት የግዕዝ ቅዳሴ ሜንዴዝ ሊያስወግዱት የፈለጉት ነው። የዛሬዪቱ የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የግዕዝ ሥርዓቷን የያዘችው በይበልጥ በ19ኛው መቶ ዘመን ከመጡት ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ በእኛ አጠራር ከአቡነ ያዕቆብ፣ ሥራ ነው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ሲመጡ የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ በአገሩ ሥርዓት ለመቀደስ የፈለጉ ሰው ነበሩ።

ታዳጊዎች ከነገሥታት ይልቅ የአንድን ሰው ሕይወት ሲሰሙ ልባቸው ይከፈታል። ስለ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም ተወልደው፣ መንኩሰው፣ በጎንደርም የተማሩ ሊቅ ነበሩ፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የነበራቸውን ጥያቄ ለረጅም ዓመታት ከገዳም ገዳም፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይዘው ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1841 ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ግብፅና ወደ ሮም ተጓዙ፤ ካቶሊክ የሆኑት ግን ከዚያም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1844 ነው፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ። እ.ኤ.አ. በ1851 ቅስና ተቀበሉ፣ እዚሁ ጎንደር ታሰሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ ዐረፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1926ም ብፁዕ ተባሉ። በ15 ዓመቱ መጠራጠር የጀመረ ልጅ ይህን ሲሰማ ጥያቄው ከቤተ ክርስቲያን እንደማያስወጣው ይገነዘባል። ሌላ ስብከት ማከል አያስፈልግህም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሊበራቶ ቫይስና ሁለት ፍራንቸስካውያን ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1716 በዚህችው ከተማ በድንጋይ ተወግረው ሞተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1988ም ብፁዓን ተብለዋል። ልጆቹ ይህን ማወቅ ይገባቸዋል፤ ነገር ግን በጎረቤቶቻቸው ላይ ቂም እንዲይዙበት አድርገህ አትንገራቸው። በሱስንዮስ ዘመን ስለ ተዋሕዶ እምነታቸው የሞቱ ብዙዎች ናቸው፤ ሁለቱን ታሪኮች በአንድ እሑድ፣ በአንድ ድምፅ ንገራቸው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2016 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በቫቲካን መገናኘታቸውን አክልበት። የሚቻል ከሆነ ትምህርቱን በክፍል ውስጥ አታድርገው፤ ይዘሃቸው ወደ ፋሲል ግቢ ሂድ፣ እዚያው ቆመው ይጠይቁህ። የማታውቀው ነገር ሲመጣ አብረን እናንብብ በላቸው።

ለጓደኞቻቸው የሚመልሱትን መልስ ግን አንተ አታስጠናቸው። ተማሪ በቃሉ የያዘውን መልስ ጓደኛው በአንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያፈርሰዋል፤ በአርባ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ይህን ሳላይ የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ምላሽ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ አዘዞ

ወንድሜ፣ ሁሉም በጎ ተናግረዋል፤ ወላጆችን ግን ማንም አላነሣንም። ልጄ የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ካላወቅሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄዱ ብቻ አያረጋጋኝም። ባለንበት የጸጥታ ሁኔታ ማንኛውም ዝግጅት ሳይመሽ ማለቅ አለበት። ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ የሚመጣ ልጅ የታክሲ ገንዘብም ያስፈልገዋል፤ ይህን መጠየቅ የሚያሳፍረው ልጅ ቀርቶ «ፈተና ነበረብኝ» እንደሚል ይወቁ።

ሴቶች ልጆች ቶሎ ይሄዳሉ ያሉትን በተመለከተ መፍትሔው ያለው ከእኛ ዘንድ ነው። ወንዱ ኳስ ሲጫወት እኅቱ እንጀራ የምትጋግርበት ቤት ውስጥ «ልጄ ለምን አትሳተፍም?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። አባ በአንድ እሑድ ስብከታቸው ይህን ለወላጆች ቢነግሩልን ከእርስዎ ልመና ይልቅ ይሰማል። ከተቻለም እርስዎ በየቤቱ አንድ ጊዜ ይምጡ፤ ቡና ጠጥተው፣ ሃይማኖቱ ሌላ የሆነውን አባትም ሰላም ብለው ይሂዱ። ባለቤቴ ካቶሊክ አይደለም፤ ልጆቹን የሚመራቸውን ሰው ካወቀ በኋላ ግን እሑድ ጠዋት የሚቀሰቅሳቸው እርሱ ነው።

ስልክን በሚመለከት የተለየ ሐሳብ አለኝ። ብዙ ሰው «ቲክቶክ አጠፋብን» ይላል፤ እኔም እላለሁ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2006 በ15 ዓመቱ በደም ካንሰር ያረፈው ካርሎ አኩቲስ ኮምፒዩተር የሚወድ ልጅ ነበር፤ ስለ ምስጢረ ቁርባን ተአምራት ድረ ገጽ ሠርቷል፣ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቅዱስ ተብሏል። የእኔ ሁለተኛው ልጅ የቅዱሳን ታሪክ ሲነገር የሚያዛጋ ነው፤ ስለዚህ ልጅ ግን ራሱ ፈልጎ አንብቦ ለእኛ ነገረን። ስልካቸውን በስብሰባ በር ላይ ከመሰብሰብ ይልቅ የቁምስናውን የበዓል ፎቶግራፍና ማስታወቂያ እንዲያዘጋጁ ቢደረግ መልካም ይመስለኛል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ የወጣቶች አስተባባሪ፣ ጎንደር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ የፋሲል ግቢውን ሐሳብ ለአባ አቅርቤ ወድደውታል። በማራኪ ሰፈር ያለሽው እኅቴ፣ የሰዓቱን ጉዳይ ለልጆቹ ለራሳቸው አቀርባለሁ።

ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከልጆቹ አንዱ ማታ ላይ በቴሌግራም ብቻዬን ጽፎልኝ፣ የሚነግረኝ ከባድ ነገር እንዳለ ገልጾ «ለማንም እንዳትናገር መጀመሪያ ቃል ግባልኝ» ብሏል። ገና አልመለስኩለትም። ቃል ካልገባሁለት ዝም ይላል ብዬ ፈራሁ፤ ከገባሁለት ደግሞ ምን እንደምሰማ አላውቅም።

ምላሽ፦ አንዲት ሲስተር፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ይመልሱለት፤ ቃል ግን አይግቡለት። እንዲህ ብለው ይጻፉለት፦ «ስለተማመንክብኝ አመሰግንሃለሁ፤ የምትነግረኝን ለወሬ አላወጣውም። አንተን ወይም ሌላን ሰው የሚጎዳ ነገር ከሆነ ግን ሊረዳን ለሚችል ሰው መናገር ይኖርብኛል፤ ለማን እንደምናገር አስቀድሜ እነግርሃለሁ፣ ከፈለግህም አብረን እንሄዳለን።» አብዛኛዎቹ ልጆች ይህን ሰምተው ይናገራሉ፤ እንዲያውም የሚፈልጉት ነገሩን የሚሸከምላቸው ትልቅ ሰው ነው። ፍጹም ምስጢር የሚጠበቀው በምስጢረ ንስሐ ነው፣ እርሱም የካህን ነው። እኔም ሆንኩ እርስዎ ያ ሥልጣን የለንም፤ ልጁ ይህን ልዩነት ቢያውቅ ለእርሱም ይጠቅመዋል።

ንግግሩን በማታ በጽሑፍ አይቀጥሉት። በቀን፣ ሌሎች ሰዎች ሊያዩዋችሁ በሚችሉበት፣ ነገር ግን በማይሰሙበት ቦታ ይገናኙ፤ የቁምስናው በረንዳ ይበቃል። በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻዎን አይቀመጡ። ከአሁን በኋላም ከልጆቹ ጋር የምትጻጻፉት ሁለት አዋቂዎች ባሉበት የጋራ ቡድን ይሁን፣ ከአዋቂዎቹም አንዷ ሴት ትሁን። ይህ እርስዎን ስለሚጠራጠሩ የሚደረግ አይደለም፤ ልጁንም እርስዎንም ይጠብቃል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት፣ በ2023 ባጸኑት ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሁሉ አካለ መጠን ያልደረሰ ተብሎ ይቆጠራል፤ ሀገረ ስብከቶችም በካህናትና በገዳማውያን እንዲሁም በአንዳንድ ምእመናን መሪዎች ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚደርስበት መንገድ እንዲኖራቸው ይጠበቅባቸዋል። በሀገረ ስብከታችን ይህን ማን እንደያዘው ከአባ ጠይቀው ስሙንና ስልኩን ይጻፉት፤ ልጆቹም ይወቁት።

የሚነግርዎት ነገር እንደ ዓይነቱ ወደተለያየ ቦታ ይሄዳል። ድብደባ ወይም የመደፈር ጉዳይ ከሆነ ለአባ፣ ለፖሊስና ለከተማው የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት መድረስ አለበት፤ በቁምስናው ውስጥ በሽምግልና አይያዝም። እኅቱን ሊድሯት ነው ካለ የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ዓመት እንደሆነ ያውቃሉ፤ የሚኬደውም ወደዚያው ነው። ራሱን ለመጉዳት እንደሚያስብ ከነገረዎት ብቻውን አይተዉት፣ ከሚያምነው ቤተሰቡ አንዱን ጠርተው በዚያው ቀን ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዘውት ይሂዱ፤ ጸሎቱም አብሮ ይሁን እንጂ ሐኪሙን አይተካ። ምናልባት ደግሞ ጉዳዩ የፍቅር ወይም የፈተና ውጤት ይሆናል። ያኔም ቢሆን ለእርሱ ከባድ ስለሆነ አይሣቁበት።

የሚሰሙት ነገር ከእርስዎ አቅም በላይ ሲሆን ለአባ መናገርዎን አይርሱ፤ የሚመራውን ሰው የሚያዳምጥም ሰው ያስፈልጋል።

ምላሽ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ማራኪ

ጋሼ፣ በሰዓቱ ላይ ስትነጋገሩ ቅዳሜን አትርሱት። እሑድ ማጠናከሪያ ትምህርት ያለን ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ነፃ ነን፤ ከአዘዞ ለሚመጡትም ሳይመሽ ለመመለስ ይመቻል። ከበሮውን ለማስተማር ሁለት ወንዶች ካገኙልኝ እኔ ቀድሜ እገኛለሁ።